ለመኪናው ባለቤት

አይከል፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሽ ያየህ
እስራኤል፣ ሀደራ፣ ቤት ኤሊዔዘር

እግዚአብሔር ባሉበት ይጠብቅዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ? ልጆችዎና የልጅ ልጆችዎ እንደምን ከረሙ? እኛ ከአንድ የመኪና መብራት በስተቀር ደህና ነን።

የምጽፍልዎ ወልደ ማርያም ነኝ፤ የእህትዎ የብዙአለም ልጅ። በዓይነ ሥጋ አንተዋወቅም። እርስዎ በሰባ ስድስት በሱዳን በኩል ሲሄዱ እናቴ ክርስቲያን ከሆነው አባቴ ጋር ቀርታ ነበር፤ እኔም ገና አልተወለድኩም። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን የሚይዙልኝ ወይዘሮ ደጅቱ ናቸው፤ ለዘመድ ሰርግ ከሀደራ መጥተው አሁን ይመለሳሉ። «ያየህ ስልክ አያነሣም፤ ወረቀት ከሆነ ግን ያነባል» ያሉኝም እሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐምና አንድ አሮጌ የወታደር ካሚዮን ገዛሁ። የሩስያ ሥሪት ነው፤ ከደርግ ጊዜ የቀረ። ከጓንግ ማዶ ካለው ቀበሌያችን ወደ አይከል ሰሊጥና ሰው አመላልስበታለሁ። እኛ ዘንድ ወንዙ ድልድይ የለውም፤ መኪና በድንጋዩ ላይ ውኃውን እየሰነጠቀ ነው የሚያልፍ። ለዚያ ደግሞ የኋላ ጎማ ብቻ አይበቃም፤ የፊቱም መሳብ አለበት። ዳሽቦርዱ ላይ የፊቱን ዲፈረንሻል የሚያስገባ ማብሪያ አለ፤ ከጎኑም መግባቱን የሚያሳይ ትንሽ መብራት አለ። ያ መብራት መኪናውን ከገዛሁ ጀምሮ በርቶ አያውቅም። ስለዚህ የፊቱ ይግባ አይግባ አላውቅም። እስካሁን በእግዜር ቸርነት አልፌአለሁ።

አሁን የምጭነው ግን ሌላ ነው። የእናቴን ሁለት ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸዋል። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች እንጂ ፊቴን አታየውም። በግንቦት መጨረሻ ጎንደር የዓይን ሐኪሞች መጥተው ሞራ ይገፍፋሉ ተብሎ ስሟን አስመዝግቤአለሁ። ጓንግ መሙላት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። በበቅሎ እንዳላወርዳት ወገቧ አይችልም። መኪናው መሐል ወንዝ ላይ ቢቆምብኝ ደግሞ ዓይን የማያይ ሰው ይዤ ምን እሆናለሁ? እርስዎ እዚያ አገር ብዙ ዘመን የወታደር መኪና ሲጠግኑ እንደኖሩ ሰምቻለሁና ይምከሩኝ። ገንዘብ አልጠይቅዎትም።

እናቴ «የእኔን አትጻፍለት፤ የብረቱን ብቻ ጻፍለት። ለሰው ባይመልስ ለብረት ይመልሳል» ብላኝ ነበር። እኔ ሁለቱንም ጻፍኩ። እጅ ትነሣለች።

የእህትዎ ልጅ
ወልደ ማርያም


ሀደራ፣ የካቲት 9 ቀን 2015

ለመኪናው ባለቤት፣

ባሕር ከፍሎ አባቶቻችንን ያሻገረ የእስራኤል አምላክ ይክበር ይመስገን። ጤና ነኝ። ጉልበቴን ጠይቀሃል፤ ይሠራል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ገንዘብ ሳትጠይቅ ስለጻፍክ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «አላውቅም» የሚል ቃል በዝቶበታል። የማያውቅ ሰው ወንዝ አይገባም።

እኔን ማንም አላስተማረኝም። እዚህ አገር የወታደር መኪና አጣቢ ሆኜ ነው ሥራ የጀመርኩት። እያጠብኩ ከሥር ከሥሩ አየሁ። የጥገናውን መጽሐፍ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩ። ጡረታ ስወጣ እየመጡ የሚጠይቁኝ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ እንደምነግርህ ብቻ አድርግ፤ የጎረቤት ምክር አትጨምርበት።

አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ያ መብራት የሚናገረው ምንድን ነው? ትእዛዙን ነው ወይስ ሥራውን? ማብሪያውን ስትጫን «አዝዘሃል» የሚል መብራት አለ። ብረቱ በእርግጥ ከብረት ሲገጥም «ገብቻለሁ» የሚል መብራትም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ያዘዘ ሁሉ አልተሠራለትም። የአንተው የመጀመሪያው ዓይነት ይመስለኛል፤ ግን በመምሰል አልሄድም። ይህን ጥያቄ ይዤ ናሓል ሀደራ በሚባለው መናፈሻ ባሕር ዛፎቹ ሥር እመላለሳለሁ። የሰፈር ሰው ጸሎት የማደርስ መስሎት መንገድ ይለቅልኛል።

አንተ በበኩልህ አምፖሉን አውጥተህ በባትሪ ሞክረው። ፊውዙን እይ። የአየሩን መለኪያ ተመልከት፤ የፊቱን የሚያስገባው የአየር ግፊት ነው፤ አየር ሳይሞላ ብታዘው አይሰማህም። ከሁሉም በላይ ይህን ልብ አድርግ። የፊቱ ሴረን መግባቱን ሳታረጋግጥ ወንዙን እንዳትነካ። ሴረን ካልገባ ጉዞ የለም።

ተሳፋሪ እንዳለህ ጽፈሃል። ተሳፋሪዋ ከኋላ እንዳትቀመጥ።

ያየህ


አይከል፣ መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሽ ያየህ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እግዚአብሔር በደህና፣ በሰላምና ከቤተሰብዎ መካከል ያግኝዎ። ፈጥነው ስለመለሱልኝ እጅ እነሣለሁ።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት። «ተሳፋሪዋ» የሚለው ላይ ስደርስ «እስቲ መልሰህ አንብበው» አለችኝ። መለስኩላት። «ደህና ነው፤ እስከ ዛሬ ይህም ስም አልነበረኝም» አለች።

ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። አምፖሉን በባትሪ ስሞክረው ይበራል፤ ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ ገብቼ መልሼ ስገጥመውና ወደ ፊት ዞሬ ሳይ የለም። ፊውዙ ደህና ነው። አየሩም ይሞላል። የሴረኑ ነገር ግን አንከራተተኝ። አይከል ላይ ቃሉን የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ መካኒክ «ሳይረን ማለታቸው ነው፤ የአምቡላንስ ጡሩምባ ግጠምበት» አለኝ። የጎረቤት ምክር አትጨምር ስላሉኝ ተውኩት። ለሰሊጥ ጉዳይ ጎንደር ስወርድ ወደ እናንተ አገር ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዕብራይስጥ የሚማሩበት ግቢ ገብቼ አስተማሪውን ጠየቅኩት። ሳያስብ «ሴረን ሻምበል ነው» አለኝ። «እርግጠኛ ነህ?» ብለው ተቆጣ። «የጦር ማዕረግ ነው፤ ሻምበል» አለኝ።

ደብዳቤዎን ከኪሴ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። የፊቱ ሻምበል መግባቱን ሳታረጋግጥ ወንዙን እንዳትነካ። ሻምበል ካልገባ ጉዞ የለም።

ጋሼ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ነገር ግን በወታደር መኪና ብዙ የኖሩ እርስዎ ነዎት፤ የወታደር መኪና የራሱ ወግ ይኖረዋል ብዬ አሰብኩ። ከአይከል መውጫ ኬላው ላይ አንድ ሻምበል አለ። ካሚዮኑን አቁሜ ሄድኩና «ጌታዬ፣ እስራኤል ያለ አጎቴ እርስዎ ፊት ካልገቡ መኪናው ወንዝ አይሻገርም ብሎኛል» አልኩት።

ካሚዮኑን አየ፤ እኔን አየ። «አጎትህ ምንድን ነው፣ ጠንቋይ?»

«የለም ጌታዬ፣ መካኒክ ነው።»

ወታደሮቹ ሳቁ። ሻምበሉ ግን አልሳቀም፤ ሥራ የፈታ ቀን ኖሮት ይሆናል፣ «እስቲ እንየው» ብሎ ጋቢና ገባ። ማብሪያውን ተጫንኩ። አልበራም።

«ወደ ፊት ጠጋ ልበል?» አለኝ።

ጠጋ አለ። አልበራም።

«ቆቤን ላውልቀው?»

አወለቀ። ያም አልረዳም። የእናቴን ነገር ሳጫውተው ግን አዘነ፤ «እሷን ይዘህ የምታልፍ ቀን ኬላው ላይ አትቆምም» ብሎ ቃል ገባልኝ።

እንግዲህ ሻምበሉን አስገብቻለሁ፤ መብራቱ ግን አልበራም። ቀጥሎ ማንን ላስገባ?

የእህትዎ ልጅ
ወልደ ማርያም


ሀደራ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2015

ለመኪናው ባለቤት፣

ከባርነት አውጥቶ ለዚህ በዓል ያደረሰን አምላክ ይመስገን። በፋሲካ ሰሞን ሥራ ስለሚዘጋ ዘገየሁ።

ማንንም አታስገባ። ሴረን በዕብራይስጥ ሻምበል ነው፤ ሁለቱን ጎማ የሚሸከመው አግዳሚ ብረትም ሴረን ነው። እናንተ ዲፈረንሻል የምትሉት። ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። አስተማሪው ግማሹን ነገረህ፤ ግማሽ የሚያውቅ ሰው ዝም ማለት ነበረበት። እኔ አልተሳሳትኩም። አገሬ ሳለሁ መኪና ነክቼ አላውቅም። ብረቱን የተዋወቅኩት በዕብራይስጥ ነው፤ በአማርኛ ስሙ ማን እንደሆነ አሁን ከአንተ ሰማሁ።

ያደረግከውን ለልጄ ልጅ ለዮኒት ነገርኳት። «ሳባ፣ ቆቡን አስወለቀው?» እያለች ሳቋ ከሳሎን እስከ በረንዳ ደረሰ። ሳባ የምትለው እኔን አያቷን ነው። እኔ አልሳቅኩም። በማግሥቱ አውቶቡስ ላይ ብቻዬን ሳቁ መጣብኝ፤ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ነቬ ሐይም በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሃይም የሚባል ሰው አለ። ከሩስያ የመጣ ነው። በወጣትነቱ እዚያው ጦር ውስጥ የነዳው የአንተን ዓይነት ካሚዮን ነበር። ናሓል ሀደራ አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን፤ የእሱም የእኔም ዕብራይስጥ ስብርባሪ ስለሆነ እንግባባለን። ጥያቄዬን አቀረብኩለት። መብራቱ የሚናገረው ትእዛዙን ነው ወይስ ሥራውን?

«ሥራውን» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት።

«ነድተኸዋል?»

«አልነዳሁም።»

«እኔ ነድቼዋለሁ።»

«ነጂ የተቀመጠበትን እንጂ ከሥሩ ያለውን አያውቅም» አልኩት። ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ላይ ጫፍና ጫፍ ይዘን ሰነበትን።

በመጨረሻ ራሱ መጥቶ «ሽሎሞ ዘንድ አንድ አለ» አለኝ። ሽሎሞ የቁርጥራጭ ብረት ግቢ ያለው ሰው ነው። እውነትም ከአጥሩ ጥግ፣ ሣር የዋጠው፣ መስኮት የሌለው ካሚዮን ቆሟል። ሽሎሞ «ሁለታችሁ ተደምራችሁ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፏችኋል፤ ከሥሩ ብትገቡ ማን ያወጣችኋል?» አለ። ሃይም ሳቀ። እኔ ገባሁ።

ዝገት በዓይኔ ገባ፤ ግን አየሁት። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው ሣጥን ጎን አንድ ዘንግ አለ። አየሩ ሲገፋው ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፤ ሲንቀሳቀስ ጫፉ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ይጫናል፤ ገመዱ ከእሷ ተነሥቶ ወደ መብራቱ ይሄዳል። ዘንጉ በእርግጥ ካልሄደ መብራቱ አይበራም። ሥራውን ነው የሚናገረው። ሃይም ልክ ነበር። ይህን የምጽፈው ለአንተ ነው፤ ለእሱ አልነገርኩትም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመህ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዝ። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ ከመሬት አንሣ። ሞተሩ አየር ሞልቶ ይጥፋ፤ ማርሽ ውስጥ ይሁን። ጎማውን በእጅህ ግፋው፤ በነፃ ይዞራል። ከዚያ ማብሪያውን ተጫንና እንደገና ግፋው። እምቢ ካለህ የፊቱ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ከሥር ገብተህ ወደ ትንሿ ማብሪያ የሚመጡትን ሁለት ገመዶች አላቅቅና እርስ በርሳቸው አነካካቸው። መብራቱ ከበራ የሞተችው ማብሪያዋ ናት። ካልበራ ገመዱ ነው። ሦስተኛ ነገር የለም።

ተሳፋሪዋ ጋቢና ስትቀመጥ እግሯ ወለሉ ይደርሳል? ካልደረሰ ከእግሯ ሥር ሣጥን አድርግላት። መሐል ወንዝ ላይ መኪናው ሲንጥ እግር መርገጫ ይፈልጋል። አጭር ነበረች።

ያየህ


አይከል፣ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሽ ያየህ፣

በእኔ መኪና ምክንያት ዓይንዎ ውስጥ የገባው ዝገት እንዴት ሆነ? እግዚአብሔር ይማርዎ። እናቴ «አሁንም አጭር ነኝ በለው» ብላለች። ሣጥኑን አዘጋጅቻለሁ።

ጎማውን እንዳሉኝ አነሣሁት። ማብሪያውን ሳልጫን እንደ እንዝርት ይሾራል። ስጫን ከሥር አንድ ነገር ጧ አለና ጎማው ደረቀ፤ ሁለት ሰው ሆነን ብንገፋው አልነቃነቅ አለ። የፊቱ ይገባል ጋሼ። እስከ ዛሬም ሳላውቀው ሲገባልኝ ኖሯል ማለት ነው። መብራቱ ግን አሁንም የለም። ሁለቱን ገመዶች አነካካኋቸው፤ የለም። አዲስ ገመድ ዘረጋሁ፤ የለም። አዲስ አምፖል ገዛሁ፤ በእጄ ይዤ ስሞክረው ይበራል፤ ቦታው ስመልሰው የለም። ሦስተኛ ነገር የለም ብለውኝ ነበር። እኔ ያለሁት ሦስተኛው ነገር ላይ ነው።

አሁን ዋናውን ችግር ልንገርዎ። ጎማው መሳቡን ካረጋገጥኩ ለመብራቱ ምን አስጨነቀኝ ብዬ ለእናቴ «ነገ ተነሺ፣ እንሂድ» አልኳት።

«መብራቱ በራ?» አለችኝ።

«አልበራም። ግን ጎማው ይስባል።»

«ያየህ ሳይበራ ሂጂ ብሏል?»

«አላለም።»

«እንግዲያማ አልነሣም።»

«እናቴ፣ መብራት እኮ ምልክት ነው፤ መኪናውን የሚያሻግረው ጎማው ነው።»

«አንተ ጎማህን እመን። አርባ ዓመት ቃል ያልወጣው ሰው ስለ እኔ መሻገር አንድ ቃል ተናገረ። ያንን ረግጬ ወንዝ አልገባም።»

ለመንኳት፤ የንስሐ አባቷን አስለመንኩ። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ከማን እንደወረሰችው እርስዎ ያውቃሉ።

ጋሼ፣ ከላይ ዝናብ ጀምሯል። ጓንግ ደፍርሷል፤ ገና አልሞላም፤ ግን ከእንግዲህ የሳምንታት ነገር አይደለም። ሐኪሞቹ ከግንቦት ሃያ በኋላ ናቸው። ካለፈን ዘንድሮ አበቃ፤ ሌላ ዓመት ደግሞ በእሷ ዕድሜ ማን ያውቃል። እኔ ልጇ ነኝ፣ አትሰማኝም። ወይ መብራቱን ያብሩልኝ፣ ወይ «ሂጂ» የሚል አንድ ቃል ይጻፉላት። ይህን የሚያደርስ መንገደኛ አግኝቻለሁ፤ መልሱ ግን በመንገደኛ አይደርስም። በአይከል የምትሸቅጠውን የዘመዴን የእምዬን የስልክ ቁጥር ከሥር ጽፌአለሁ። ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁ።

የእህትዎ ልጅ
ወልደ ማርያም


ሀደራ፣ ግንቦት 11 ቀን 2015

ለመኪናው ባለቤት፣

ይህን በእጄ ጽፌ ዮኒት በስልኳ ፎቶ አንሥታ ላከችው። ስለዚህ ደብዳቤ ነው እንጂ የስልክ ወሬ አይደለም።

የመብራቱ መስታወት ቀለሙ ምንድን ነው? አምፖሉን አላልኩህም። ከፊት ለፊት የምታየው መስታወት። መኪናው ዘንድ ሄደህ አይተህ መልስ። በልብህ አትመልስ።

ያየህ


አይከል፣ ግንቦት 12

ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ከእምዬ ሱቅ ነው። መኪናው በር ላይ ነው ያለው፤ አይቼዋለሁ።

ጥቁር ነው።

ወልደ ማርያም


ሀደራ፣ በዚያው ቀን

ለመኪናው ባለቤት፣

ጥቁር መብራት የሠራ አገር የለም።

ደብዳቤህን ለሃይም ነገርኩት። «መስታወቱ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ። «ምን አገባው መስታወት?» ብለው፣ እነሱ በጨለማ ሲንቀሳቀሱ ጠላት ብርሃን እንዳያይባቸው የዳሽቦርዱን መብራት ሁሉ ቀለም ይቀቡት እንደነበር አጫወተኝ። የአንተንም የቀባው ወታደር ይኖራል። ጦርነቱ አለቀ፤ ቀለሙን የሚያነሣ ሰው አልመጣም። አንተ ከኋላ አምፖል ትቀያይራለህ፣ እሱ ከውስጥ ይበራል፣ ከፊት ሆነህ ጨለማ ታያለህ። ሃይም አንደበቱ ስለፈጠነ ቀደመኝ እንጂ እኔም እደርስበት ነበር።

በቤንዚን የራሰ ጨርቅ አድርገህ ቀስ ብለህ ጥረገው። ቢላዋ አታስነካው።

ከበራ፣ ተሳፋሪዋ ትሂድ። እኔ ብያለሁ በላት።

ያየህ


ጎንደር፣ ግንቦት 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሽ ያየህ፣

አምላክ ውለታዎን ይክፈልዎ። እኔ የምከፍለው ስለሌለኝ የሆነውን ሁሉ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

ከእምዬ ሱቅ በር ላይ ማብሪያውን ተጫንኩና ጨርቁን በቤንዚን አርሼ ማሸት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጨርቁ ጠቆረ። ከዚያ የጥፍር ጫፍ የምታህል ቦታ ላይ ቀይ ታየ። ማብሪያውን ስነካው ጠፋ፤ እንደገና ስጫነው ጧ አለና ተመልሶ መጣ። እኔ እሱን ሳበራና ሳጠፋ የገበያው ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር።

በማግሥቱ ወንዙን ተሻግሬ ቤት ደረስኩ። እናቴን ጋቢና አስቀመጥኳት፤ እግሯን ሣጥኑ ላይ አደረግሁ። «በራ» አልኳት። «የታል?» አለች። ጣቷን ይዤ መስታወቱን አስነካኋት። ጎንበስ ብላ ፊቷን አስጠጋች። ብዙ ቆየች። «ፍም የመሰለ ነገር አለ» አለች። ከዚያ «ያየህ ምን አለ?» አለችኝ። «ትሂድ፣ እኔ ብያለሁ አለ» አልኳት። «እንግዲያስ ምን ትጠብቃለህ?»

ውኃው እስከ መርገጫው ደርሶ ነበር። መኪናው አንድ ቦታ ላይ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ የፊቱ ጎማ ድንጋይ ነክሶ አወጣን። እሷ ወንዙን አላየችው፤ ዓይኗ መብራቱ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ «አለ?» አለችኝ። «አለ» አልኳት። ኬላው ላይ ሻምበሉ ራሱ መጣ። አንገቱን በመስኮት አስገብቶ «የፊቱ ገባ ወይስ እኔ ልግባ?» አለኝ። ገብቷል ስለው ገመዱን አስጣለልን።

ዓይኗ ተሠራ። ለጊዜው ግራው ነው፤ ቀኙ በሌላ ቀን ይሠራል ተብሏል። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ «አባትህን መስለህ አረጀህ» አለች። ቀጥላ የእርስዎን ደብዳቤዎች አምጣ አለችኝ። ወረቀቱን አቅርባ፣ አርቃ፣ እንደገና አቅርባ ፊደል በፊደል አነበበች። ልጅ ሳላችሁ በከሰል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስተማሯት እርስዎ እንደሆኑ እስከዚያ ቀን አልነገረችኝም ነበር። «ለመኪናው ባለቤት» ብላ አነበበች። ከሥሩ «ያየህ» የሚለው ላይ ስትደርስ «የ»ን አሁንም እግሯን ያጣምማታል አለች። ሁሉንም ገልጣ ስትጨርስ «ስሜ የታለ?» አለችኝ።

«የለም፣ እናቴ።»

«ይኖራል» አለች። «ቀለም ተቀብቶበት ይሆናል።»

የእህትዎ ልጅ
ወልደ ማርያም


ሀደራ፣ ሰኔ 10 ቀን 2015

ለእህቴ ለብዙአለም፣

ለዓይንሽ ብርሃን የሰጠ የአባቶቻችን አምላክ ይክበር ይመስገን።

ፊደሉን ያገዘፍኩት ዓይንሽ ገና ስለሆነ ነው። ወልደ ማርያም እንዲያነብልሽ አልፈልግም። ራስሽ አንብቢው።

«የ»ን ያጣምማታል ማለትሽን ሰማሁ። አላጣምማትም። እንዲያ ነው የምትጻፈው፤ እንዲያው ነው ያስተማርኩሽ።

አሁን የምጠይቅሽ አለኝ። ልጅሽ መብራቱ ቀይ ነው ብሎ ጽፏል። ሃይም ደግሞ አረንጓዴ ነበር፣ እንኳን ቀለሙን ብልጭታውን አልረሳም ይላል። በሽሎሞ ግቢ ያየሁት መስታወቱ ተሰብሯል። ይህ ነገር ሳይታወቅ መቅረት የለበትም። ሃይምን አላምነውም፤ ልጅሽም ቢሆን ጥቁሩን መብራት ዓመት ሙሉ ሲያየው የኖረ ሰው ነው።

ስለዚህ ቀኙ ዓይንሽ ሲፈታ ጋቢና ግቢ። እግርሽን ሣጥኑ ላይ አድርጊ። የፊቱን ያስገባውና አንቺ ራስሽ በሁለቱም ዓይንሽ እዪው። ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ
ያየህ